ፍንጭቱ መቼ ነው የመጣው?

ደብረ ሲና ላይ ለወላጆችና ለመምህራን ካደረግኩት ንግግር የተጻፈ

እንደምን ዋላችሁ እናቶች፣ አባቶች፣ መምህራን፣ እዛ ከኋላ የቆማችሁ ልጆችም። ቅድም በር ላይ አንዲት እናት እጄን ይዘው «ልጄ፣ ዛሬ ስለ ፍንጭት ነው አሉ የምታወሪን፣ ፍንጭት ደሞ ምን ህመም አለው፣ እግዜር የሰጠው ጌጥ አይደል እንዴ» አሉኝ። ልክ ናቸው። እኛ አገር ሴት ልጅ ስትሞገስ ከሚነሳላት ነገር አንዱ ፍንጭቷ ነው፣ ድዷን ተነቅሳ ፊት ለፊት ባሉት ሁለት ጥርሶቿ መሀል ትንሽ ክፍተት ካለችማ አለቀ። እናቴ የመንዝ ሴት ናት፣ ፍንጭት ናት፣ አያቴም ፍንጭት ነበረች፣ እኔም ይኸው እንደምታዩኝ ነኝ። ስለዚህ ፍንጭትን ላጣጥል አይደለም የመጣሁት።

የመጣሁት አንዲት ጥያቄ ልሰጣችሁ ነው። የራሳችሁን አፍ በመስታወት ስታዩ፣ የልጃችሁን፣ የባላችሁን፣ የእናታችሁን አፍ ስታዩ፣ ጥርስና ጥርስ መሀል ክፍተት ካለ «ይሄ መቼ መጣ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከልጅነት የነበረ፣ ከቤተሰብ የወረደ፣ ዘመኑን ሁሉ ሳይሰፋ ሳይጠብ የቆየ ከሆነ ፍንጭት ነው፣ ተዉት። አምና ያልነበረ ዘንድሮ የመጣ፣ ወይ ከአምና ዘንድሮ የሰፋ ከሆነ ግን እሱን ፍንጭት አትበሉት፣ ለጥርስ ሐኪም አሳዩት። ጥርስ እየቀየሩ ያሉ ልጆች ነገር ግን ለብቻው ነው፣ እመለስበታለሁ።

ለምን እንዲህ እንደምል ልንገራችሁ። አንዲት እናት ነበሩ፣ ሃምሳ ያልሞላቸው፣ ከጣርማ በር አካባቢ እኔ ዘንድ ለጥርስ ሕክምና የመጡ። የመጡት የታች መንጋጋቸው አሟቸው ሊያስነቅሉ ነው። አፋቸውን ሲከፍቱ ግን ዓይኔ የሄደው ፊት ለፊት ነው፣ ከላይ ባሉት ሁለት የፊት ጥርሶች መሀል የገብስ ፍሬ ያለችግር ያልፋል። «እትዬ፣ ድሮም ፍንጭት ኖት እንዴ» ስላቸው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። «ኧረ ይሄስ በስተርጅና የመጣ ነው፣ ሦስት ዓመትም አይሞላው፣ ጎረቤቶቼማ ደሞ ሁለተኛ ልትዳሪ ነው ወይ ይሉኛል» አሉኝ። ጥርሱን በሁለት ጣቴ ይዤ ቀስ ብዬ ገፋ ሳደርገው ሄደ፣ ስለቀው ተመለሰ። ድዱን ጫን ሳደርገው ከጥርሱ ሥር መግል ወጣ። ያሞታል ወይ ስላቸው «አያመኝም፣ ጠዋት ጠዋት ብቻ ምራቄን ደም ይነካዋል፣ አፌም ይሸታል ይሉኛል» አሉ። ከዛ ሌላ ነገር ጠየቅኳቸው፣ ውሃ ውሃ ይሎታል ወይ፣ ሌሊት ሌሊት ለሽንት ይነሳሉ ወይ፣ ሰውነቶ ቀንሷል ወይ። ሁሉንም አዎ። በዛው ቀን ስኳር ተለኩ፣ ቁርስ ሳይበሉ ከ300 በላይ ነበር፣ ቁርስ ሳይበላ ሲለካ 126 እና ከዛ በላይ ከሆነ እኮ ስኳር ነው የሚባለው። እሳቸው ስኳር እንዳለባቸው ያወቁት ጎረቤት ሁሉ በሳቀበት በዛ ክፍተት ነው።

ምን ሆነው ነው? ብዙ ሰው ጥርስ ድድ ላይ የተሰካ ይመስለዋል፣ አይደለም፣ ጥርስ የተተከለው አጥንት ውስጥ ነው፣ እንደ አጥር እንጨት በሉት፣ አጥንቱ አፈሩ ነው፣ ድዱ ደሞ ከላይ የለበሰው ሳር። ብሩሽም መፋቂያም ያልደረሰበት ቦታ ላይ ያ ነጭ ለስላሳ ቆሻሻ ይጋገራል፣ በቀናት ውስጥ ይጠጥርና ታርታር የምንለው ቢጫ ድንጋይ ይሆናል፣ እሱ አንዴ ከደነደነ ቤት ውስጥ በምንም አይለቅም። ባክቴሪያው እዛ ላይ ተመችቶት ይራባል፣ ድዱ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ይደማል፣ ሰውየው ደሞ «ብሩሹ አደማኝ» ብሎ መቦረሽ ይተዋል፣ ሲተወው ይብስበታል። እባካችሁ ድዳችሁ ሲደማ አትተዉ፣ ለስላሳ ብሩሽ ይዛችሁ እዛው የደማው ቦታ ላይ በርቱ፣ በአንድ ሁለት ሳምንት ካላቆመ ታዩ።

ዓመታት ሲያልፉ በሽታው ወደ ውስጥ ይወርድና አጥንቱን ይበላል። ተዳፋት ላይ አጥር ያጠረ ገበሬ ያውቀዋል፣ ክረምት ጎርፉ አፈሩን ሲወስደው እንጨቱ ወዲያው አይወድቅም፣ መጀመሪያ ይዘማል። ጥርስም ከመውለቁ በፊት ይዘማል፣ ምላስ ከኋላ ይገፋዋል፣ የታች ጥርስ በተናከሰ ቁጥር ይገፋዋል፣ የላይኛው የፊት ጥርስ ወደ ውጪ ይወጣል፣ የረዘመ ይመስላል፣ መሀሉ ይከፈታል። የእትዬ «ፍንጭት» ያ ነበር። ስኳር ያለበት ሰው ድዱ ቶሎ ይጎዳል፣ የድድ በሽታውም በተራው ስኳሩ አልወርድ እንዲል ያደርገዋል፣ ሁለቱ እየተደጋገፉ ነው ሰውየውን የሚጎዱት። ሲጋራ የሚያጨሱት ላይ ደሞ ተንኮሉ ሌላ ነው፣ ድዳቸው ብዙም አይደማም፣ ሲጋራው ወደ ድዱ የሚሄደውን ደም ስለሚቀንሰው፣ እና ምልክት ሳያሳይ ውስጥ ለውስጥ አጥንቱ ያልቃል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ላንሳ፣ በየቀኑ ስለምሰማው። «ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያሳሳል፣ ታጥቤ መጥቼ ጥርሴ መሀል ተከፈተ» የሚል። የተከፈተው በመታጠቡ አይደለም። ድዱ ከሸሸና አጥንቱ ከወረደ ቆይቷል፣ ክፍተቱን ሞልቶት የነበረው ታርታሩ ነው፣ እሱ ሲነሳ እውነተኛው ቦታ ታየ። አንዳንዴ የሚነቃነቅ ጥርስ የሚቆመው ታርታሩ ደግፎት ይሆናል፣ ሲታጠብ ሲነቃነቅ ሰው ይደነግጣል፣ ግን ያ ድጋፍ ራሱ እኮ ነው አጥንቱን የበላው። ያቺ እናት ስኳራቸው ተስተካከለ፣ ድዳቸው በተደጋጋሚ ታጠበ፣ መግሉ ቆመ፣ ጥርሶቹ ዛሬም አፋቸው ውስጥ አሉ። ክፍተቱ ትንሽ ነው የጠበበው፣ የተበላ አጥንት እንደ ድሮው አይመለስም፣ ይሄን አልደብቃችሁም።

አሁን ወደ አብሮ አደጉ ፍንጭት ልመለስ፣ ይሄኛው ቀለል ያለ ነው። መንጋጋው ሰፊ ጥርሱ ትንሽ ሲሆን ቦታ ይተርፋል፣ ይሄ በዘር ይመጣል፣ የአባት መንጋጋ የእናት ጥርስ ይዞ የተወለደ ልጅ ላይ ስታዩት ነው። አንዳንዱ ላይ ደሞ የላይኛውን ከንፈር ከድዱ ጋር የሚያያይዘው ጅማት መሰል ሥጋ ወፍሮ በሁለቱ ጥርሶች መሀል ዝቅ ብሎ ይገባል፣ ጣታችሁን ከንፈራችሁ ሥር ብትከቱ ታገኙታላችሁ። ከሁለቱ የፊት ጥርሶች ጎን ያሉት ጥርሶች ጭራሽ ያልተፈጠሩለት ወይ ሾጣጣ ሆነው የበቀሉለት ሰው አለ፣ አልፎ አልፎም መሀል ላይ ትርፍ ጥርስ አጥንቱ ውስጥ ተቀብሮ ሁለቱን ይለያያቸዋል፣ ያንን በራጅ ካልሆነ አታዩትም። እና እነዚህ ፍንጭቶች ጥርሱን ይጎዱታል ወይ? ሰፋ ያለ የፊት ፍንጭት ብዙም አይጎዳም፣ ምግብ ይገባል ይወጣል፣ ብሩሽም መፋቂያም ይደርስበታል። ሰፊ ከሆነ ሰ እና ዘ ሲባል ትንሽ ያፏጫል፣ በቃ። የሚወደው ሰው ይውደደው፣ የማይወደው በጥርስ ቀለም ባለ መሙያ ማስሞላት ወይ በሽቦ ማስጠጋት ይችላል፣ ሽቦ ግን ድዱ ጤነኛ ከሆነ ብቻ ነው፣ ሲወልቅም ጥርሱን ባለበት የሚይዝ ማቆያ ካልተደረገለት ፍንጭቱ ይመለሳል። ፍንጭት ለመሆን ብሎ ጥርስ በሞረድ መሞረድ ግን በፍጹም! ኢናሜል፣ ያ የላይኛው ነጭ ልባስ፣ አንዴ ከሄደ ሰውነት መልሶ አይሠራውም።

የልጆች ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ወላጅ በከንቱ የሚጨነቀው እዚህ ላይ ነው። የወተት ጥርስ 20 ነው፣ እና ትንንሾቹ ጥርሶች መሀል ክፍተት ካለ ደስ ይበላችሁ፣ በኋላ የሚመጡት የፊት ጥርሶች ትልልቅ ናቸው፣ ቦታው ተይዞላቸዋል ማለት ነው። ስድስት ሰባት ዓመት ላይ የፊቶቹ ይወልቃሉ፣ ልጁ ጥርሱን ጣራ ላይ ይወረውራል፣ እኛም ወርውረናል፣ ከዛ ሁለቱ ትልልቅ የላይ ጥርሶች ይመጡና መሀላቸው ክፍት ይሆናል፣ ስምንት ዘጠኝ ዓመት ላይ ጎንና ጎናቸው ያሉትም ይመጣሉ፣ ወደ ውጪ ተንሸዋረው፣ እንደ ተከፈተ ማራገቢያ። እናት ትደነግጣለች፣ «ዶክተር የልጄ ጥርስ ተበላሸ፣ ሽቦ ይታሰርለት» ትላለች። እህቴ፣ ጠብቂው። እዛ ላይ አጥንቱ ውስጥ ክራንቻው እየወረደ ነው፣ የጎኖቹን ሥር ይጫናቸዋል፣ ሥራቸው ወደ መሀል ሲገፋ ጫፋቸው ወደ ውጪ ይከፈታል። 11 ወይ 12 ዓመት ላይ ክራንቻዎቹ ሲወጡ መልሰው ይገፏቸውና ክፍተቱ ይጠባል፣ እስከ 2 ሚሊሜትር ድረስ ያለው ብዙውን ጊዜ በራሱ ይዘጋል። የከንፈሩን ሥጋ ማስቆረጥም ቢሆን ከዛ በፊት አይቸኮልም። ክራንቻዎቹ ወጥተው እንዲሁ ክፍት ከሆነ፣ ወይ አንዱ የፊት ጥርስ መጥቶ ሌላኛው ስድስት ወር ካለፈው፣ ያኔ አምጡት። ጣት መጥባት ግን አራት አምስት ዓመት ካለፈው ጥርሱን ወደ ፊት ያወጣዋል፣ መሀሉንም ይከፍተዋል። ጣቱ ላይ እሬት መቀባትና መቅጣት አይደለም መላው፣ ልጁ የሚጠባው ሲፈራ ነው፣ ሲደክመው ነው፣ ሲጨነቅ ነው፣ እጁን ሌላ ነገር አስይዙት፣ የተወበትን ቀን አመስግኑት።

እዛ ከኋላ ያላችሁ ልጆች፣ ይሄኛው ለእናንተ ነው። ስልክ ላይ ጥርስን በላስቲክ አስሮ ፍንጭት መድፈን የሚያሳይ ቪዲዮ አለ። አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ይሄን አድርጋ መጥታ ነበር። ትንሽዬ ላስቲክ በሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ዙሪያ ጠመጠመች፣ በሳምንት ተጠጋላት፣ ደስ አላት፣ አንድ ጠዋት ስትነሳ ላስቲኩ የለም፣ ወድቋል ብላ ተወችው። አልወደቀም። ጥርስ ወደ ሥሩ እየቀጠነ ነው የሚሄደው፣ ላስቲኩ እየተንሸራተተ ድዷ ሥር ገባ፣ ከዛ እየሸመቀቀ ወደ ላይ ወጣ፣ በየደረሰበት ጥርሱን ከአጥንቱ እየለየው። ከወራት በኋላ ስትመጣ ሁለቱም ይወዛወዛሉ፣ ድዷን ከፍተን ላስቲኩን አወጣነው፣ ጥርሶቿን ግን አላተረፍናቸውም። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ያቺ ልጅ ይዛው የተወለደችው ፍንጭት እኮ ምንም አልነበረውም፣ ቆንጆ ፍንጭት ነበር፣ ሳስበው አሁንም ያመኛል።

ሌላው ክፍተት እኛው በገንዘባችን የምንገዛው ነው፣ የተነቀለ ጥርስ ቦታ። «ነቅዬ ልገላገል» ይባላል፣ አውቃለሁ፣ ማስነቀል ይረክሳል፣ ማዳን ይወደዳል፣ ገበያ ውሎ ለሚገባ ሰው ሦስት ቀጠሮ መመላለስ ከባድ ነው። ግን የመንጋጋ ጥርስ ሲነቀል ቦታው ባዶ ሆኖ አይቀመጥም፣ ከኋላው ያለው ወደ ፊት ይጋደማል፣ ከላይ ትይዩ ያለው የሚናከሰው ሲያጣ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከፊቱ ያሉትም ቀስ እያሉ ይሸሻሉ፣ እና የአንድ ጥርስ ክፍተት አራት ቦታ ትንንሽ ክፍተት ይሆናል። እነዛ ትንንሾቹ ናቸው ክፉዎቹ። ጥሬ ሥጋ በልታችሁ ሁሌ አንድ ቦታ ላይ የሚሰነቀርባችሁ አለ አይደል? የሥጋው ክር እዛው ያድራል፣ ድዱን ይጫነዋል፣ ይሸታል፣ ጥርሱም ከጎኑ፣ ከማይታይበት በኩል ይቦረቦራል። ድሮ የማይሰነቀርበት ቦታ ላይ መሰንቀር ከጀመረ ጥርሱ ተቦርቡሯል ወይ ሸሽቷል፣ ስቴኪኒ ደጋግሞ መክተት መፍትሄ አይሆነውም፣ መርፌ፣ የቢላ ጫፍ፣ ሚስማር የምትጠቀሙ ደሞ እባካችሁ ተዉት፣ ድዱን እየወጋችሁ ክፍተቱን ታባብሱታላችሁ። የጥርስ ክር ፋርማሲ አለ፣ በሁለት እጅ ይዞ ቀስ አድርጎ አስገብቶ የጥርሱን ጎን ማሸት ነው፣ ማታ አንዴ ይበቃል።

የደብረ ሲና ሰው ፊት ቆሜ ስለ ቆሎ ሳላነሳ አልወርድም፣ አውቶብስ በቆመ ቁጥር መስኮት ላይ የሚዘረጋውን ቆሎ እኔም እየበላሁ ነው ያደግኩት። ቆሎን አትተዉ፣ ስኳር አልተጨመረበትም፣ ከከረሜላና ከለስላሳ በብዙ ይሻላል። ሁለት ነገር ብቻ፣ ጠጠሩን ልቀሙ፣ የተሰነጠቀ የመንጋጋ ጥርስ ይዞ የሚመጣ ሰው ምን ነካህ ሲባል አንዱ መልስ እሱ ነው። ሁለተኛ የገብሱ ስስ ልጣጭ ድድና ጥርስ መሀል ገብቶ ከተቀመጠ በሦስተኛው ቀን ድዱ እብጥ ይላል፣ ሳይቆይ ማውጣት ነው፣ በክር። መፋቂያም ጥሩ ነው፣ የወይራም የክትክታም፣ ጫፉን አኝካችሁ እንደ ብሩሽ ስታለሰልሱት፣ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ ከፋቃችሁ፣ የውስጡን ጎን ካልረሳችሁ። ጥርስ መሀል ግን አይገባም፣ ጥርስ የሚያጠነክረው ፍሎራይድም የለውም፣ ስለዚህ ቀን መፋቂያ ያዙ፣ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ቦርሹ፣ ከቦረሻችሁ በኋላ ትፉት እንጂ በውሃ ብዙ አትጉመጥመጡ።

የቀረኝ አንድ ክፍተት ነው፣ ለመናገር የሚከብደኝም እሱ ነው።

ታናሽ ወንድሜ የአምስት ወር ልጅ ሆኖ ተቅማጥ ያዘው። ያኔ እኔ ሰባት ዓመቴ ነው፣ በደንብ አስታውሳለሁ። ድዱን አዩና «ግግ አብቅሏል፣ እሱ ነው የሚያስቀምጠው» ተባለ፣ አንድ ባለሙያ ናቸው የተባሉ ሰው ተጠሩ፣ እናቴ ጭኗ ላይ አስተኛችው፣ አክስቴ ራሱን ያዘች፣ ሰውየው በወስፌ ከድዱ ውስጥ አወጡት። ነጭ፣ ለስላሳ፣ የሽምብራ ግማሽ የምታክል ነገር፣ መዳፋቸው ላይ አድርገው ለእናቴ አሳዩአት፣ «ይኸውልሽ ትሉ» ብለው። ደሙ እስከ ማታ አልቆመም። ተረፈ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በዚህ የሚሞቱ አሉ፣ በደም መፍሰስ፣ በመንጋጋ ቆልፍ፣ በኢንፌክሽን። ወንድሜ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው፣ ከላይ በቀኝ በኩል ክራንቻ የለውም፣ በግራ ያለው ቡናማና ግማሽ ሆኖ ነው የበቀለው፣ ከጎኑ ያለው ጥርስ ወደ ባዶው ቦታ ተጋድሟል። ፎቶ ሲነሳ ከንፈሩን ገጥሞ ነው።

ያቺ ነጭ ነገር ትል አልነበረችም። የወተት ክራንቻው ነበረች፣ ገና ሳትጠነክር፣ አጥንቱ ውስጥ ተኝታ። የሁሉም ሕፃን ድድ ላይ በዛ ዕድሜ ያ ቦታ ነጣ ብሎ ያበጠ ይመስላል፣ የጤነኛውም፣ የታመመውም። እና ከሥሯ ደሞ ዕድሜ ልኩን የሚይዘው ቋሚ ክራንቻ ገና መሠራት እየጀመረ ነው፣ ወስፌው ሁለቱንም ነው የሚያገኘው። ተቅማጡ የሚመጣው ልጁ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ መክተት በሚጀምርበት፣ ምግብ በሚጀምርበት ጊዜ ነው፣ ድዱም በዛው ጊዜ ነው የሚያብጠው፣ ሁለቱ ስለተገጣጠሙ አንዱ ሌላውን ያመጣው መሰለን። እናቴ ክፉ አልነበረችም፣ ልጇ ሊሞትባት ነው፣ የተነገራትን አደረገች። የሚጠፋው ውሃና ጨው ነው፣ መተካት ያለበትም እሱ ነው፣ ጡቱን ሳያቋርጡ ኦአርኤስ፣ ያ በውሃ የሚበጠበጠው ዱቄት፣ እና ዚንክ ነው መድኃኒቱ፣ ጤና ጣቢያ አለ።

ንግግሬ እዚህ ላይ ነበር ያለቀው፣ ቀጥሎ የሆነውን ግን ልጽፈው። ጥያቄ ያለው ስል ማንም እጁን አላወጣም። ሰው መበተን ሲጀምር አንዲት እማማ፣ ጥቁር ጋቢ የለበሱ፣ የልጃቸውን ልጅ አዝለው ወደ እኔ መጡ፣ ምራታቸው ከኋላ ናት፣ አታወራም። «የስድስት ወር ነው፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ያስቀምጠዋል፣ ነገ ልናስወጣለት ነበር» አሉኝ በዝግታ። እጄን ታጠብኩ፣ እሳቸውንም አስታጠብኳቸው፣ ሌባ ጣታቸውን ይዤ ሕፃኑ ድድ ላይ አስቀመጥኩት፣ ያበጠው ቦታ ላይ። ቀስ አድርገው ይጫኑት አልኳቸው። ልጁ ጣታቸውን ነከሰ፣ ጥርስ በሌለው ድዱ። ቆየት ብለው ወደ ሌላኛው ጎን ራሳቸው ወሰዱት፣ እዛም አገኙት፣ እኩል።

«በሁለቱም በኩል አለ» አሉ።

አዎ እማማ፣ የዚያችኛዋም ልጅ ላይ አለ አልኳቸው፣ በር ጋ የቆመችው እናት የታቀፈቻትን ወፍራም ጤነኛ ሕፃን እያሳየኋቸው። እናትየዋን ጠርተው የሕፃኗን አፍ አስከፈቱ፣ አዩ፣ ጣታቸውንም አስገብተው ዳሰሱ።

«ይሄማ ጥርስ ነው» አሉ ወደ ምራታቸው ዞረው፣ «ነጠላሽን ልበሺ፣ ጤና ጣቢያው ሳይዘጋ እንድረስ።»